መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ፦ የፒክአፕ የመሸከም አቅም ከፊርማ በፊት ይነገር

አውሮራ ውስጥ በሃቫና ጎዳና እንጀራውም መኪናውም ይሸመታል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና የመኪና መሸጫዎች በሚጎራበቱበት በዚህ ጎዳና አንድ አባወራ ትልቅ ፒክአፕ ሊገዛ ሲቆም፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ቁጥር መኪናው ስንት ፓውንድ እንደሚጎትት የሚገልጸው ነው። ማስታወቂያው የሚያጎላውም፣ ሻጩ የሚመካበትም፣ ጓደኛ ለጓደኛው የሚያወራውም እርሱን ነው። መኪናው በራሱ ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚሸከም የሚገልጸው ቁጥር ግን በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ተጽፎ በዝምታ ይቀመጣል። ከባድ ተሳቢ ይዞ ወደ ተራራ ለሚወጣ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገደቡን የሚወስነው ይኸው ዝምተኛ ቁጥር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ፊፍዝ ዊል የሚባለውን ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ፒክአፕ የሚገዛ ሰው፣ የመኪናውን የመሸከም አቅም ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍና በሚገባው ቋንቋ ሊያውቅ ይገባል። ይህን የማሳወቅ ግዴታ ደግሞ ሕጉ በሻጩ ላይ ሊጥለው ይገባል። ዛሬ ያለው አሠራር ስሌቱን ሁሉ ለገዢው ትቶ፣ አደጋ ሲደርስ ግን ኃላፊነቱን በእርሱ ላይ ብቻ ይጭናል።

ሁለቱ ቁጥሮች

ገበሬ አህያው በጋሪ የሚጎትተውን ያህል በጀርባው እንዲሸከም አይጠብቅም። ጋሪው የራሱ ጎማ አለው፤ ክብደቱን በአመዛኙ መሬት ይቀበለዋል። በጀርባ ላይ የተጫነው ግን ሙሉ በሙሉ በአህያው እግር ላይ ነው። ይህን እውነት ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል፤ ለመኪና ሲሆን ግን እንዘነጋዋለን።

ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ከፒክአፑ ጭራ በኳስ ከሚያያዘው ተራ ተሳቢ ይለያል። እንደ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ሁሉ፣ የተሳቢው አንገት በፒክአፑ የጭነት ሣጥን ውስጥ በተተከለ ማያያዣ ላይ፣ ከኋላው አክስል በላይ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ያርፋል። ኪንግ ፒን በሚባለው የማያያዣ ብረት በኩል ከተሳቢው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በፒክአፑ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፒክአፑ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይጎትታልም፣ ይሸከማልም። የመጎተት አቅሙ ብዙ ሲተርፍ የመሸከም አቅሙ ቀድሞ ሊያልቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሸከም አቅም እንዴት ይገኛል? ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና ከነጭነቱ ሊያልፈው የማይገባ ጠቅላላ ክብደት ይወስናል፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ጂቪደብሊውአር ይባላል። ከዚህ ላይ የመኪናው የራሱ ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው የመሸከም አቅሙ ነው። ሾፌሩ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ ማያያዣው ራሱና ከተሳቢው የሚወርደው ክብደት ሁሉም ከዚህች ትራፊ ይቀነሳሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የናፍጣ ሞተር የመጎተት አቅምን ይጨምራል፤ ራሱ ከባድ ስለሆነ ግን ጠቅላላው የተፈቀደ ክብደት ካልጨመረ የመሸከም አቅምን ይቀንሳል። አራት በር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሥርዓት፣ የጣሪያ መስኮትና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር እያንዳንዳቸው ከዚያው ከረጢት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ስማቸውና ዓመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፒክአፖች በራቸው ላይ የተለያየ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። መጽሔትም ሆነ የድርጅቱ ብሮሹር ለአንዲቱ የተለየች መኪና ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ምስክሯ በሯ ነው።

አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ስሌት

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በተለምዶ ሦስት አራተኛ ቶን ከሚባሉት፣ በስማቸው ላይ 250 ወይም 2500 ከሚል ቁጥር ጋር ከሚሸጡት ፒክአፖች አንዱን እንውሰድ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠቅላላ የተፈቀደላቸው ክብደት 10,000 ፓውንድ ወይም በዚያ አካባቢ ነው። የምሳሌያችን መኪና አራት በር ያለው፣ ናፍጣ የሚጠቀምና ባዶውን ከነሙሉ ነዳጁ 7,700 ፓውንድ የሚመዝን ነው እንበል። የመሸከም አቅሙ 2,300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ10 ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። ማስታወቂያው ግን ከ15,000 ፓውንድ በላይ እንደሚጎትት ይናገራል።

አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች በድምሩ 600 ፓውንድ ይመዝናሉ። ማያያዣው 150 ፓውንድ ነው። መሣሪያ፣ መለዋወጫ፣ የበረዶ ሣጥንና የልጆቹ ብስክሌት ሌላ 150 ፓውንድ ይሆናሉ። ተሳቢው ገና ሳይያያዝ 900 ፓውንድ አለቀ፤ የቀረው 1,400 ነው።

አሁን ሲሞላ 12,000 ፓውንድ የሚመዝን፣ 54 ኩንታል ያህል የሚሆን ፊፍዝ ዊል እንጨምር። በ20 በመቶ ብናሰላው በፒክአፑ ላይ 2,400 ፓውንድ ይወርዳል። ከተረፈው አቅም በ1,000 ፓውንድ፣ ማለትም በአራት ኩንታል ተኩል ይበልጣል። በዝቅተኛው ስሌት፣ በ15 በመቶ ብናስበው እንኳ 1,800 ፓውንድ ስለሚሆን አሁንም ያልፋል። ይህ ቤተሰብ ሳያልፍ ሊጎትት የሚችለው ተሳቢ፣ በ20 በመቶ ስሌት፣ ሲሞላ 7,000 ፓውንድ የሚመዝነውን ነው። ማስታወቂያው ከነገረው ከግማሽ በታች መሆኑ ነው።

ማስታወቂያው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው የሰጠው። አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩበት ጄ2807 የተባለው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር መለኪያ፣ በፒክአፑ ውስጥ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎችን ብቻ ያስባል። በኋላ ወንበር የተቀመጡት ሦስት ልጆች በዚያ ስሌት ውስጥ የሉም።

በተሳቢው ሻጭ በኩልም ተመሳሳይ ጉድለት አለ። ብሮሹሩ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ባዶውን ተሳቢ ክብደትና ከባዶው ተሳቢ የሚወርደውን ሸክም ነው። 50 ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ400 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ባትሪ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ልብስ፣ ምግብና የቤት ዕቃ ሲጨመርበት የባዶው ቁጥር ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ስሌቱ መሠራት ያለበት ለተሳቢው በተፈቀደው ሙሉ ክብደት ነው።

ተራራው ይቅር አይልም

በአውሮራ ሜዳ ላይ ከአቅም በላይ የጫነ ፒክአፕ ምንም የሆነ አይመስልም። የኋላው ትንሽ ይሰግዳል፤ መሪው ትንሽ ይቀላል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩን የሚያስተምረው ነገር ሳያገኝ ወደ ምዕራብ ይቀጥላል።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ትገኛለች። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሾፌር በአይዘንሃወር ዋሻ ሲያልፍ 11,158 ጫማ፣ ማለትም 3,400 ሜትር ያህል ላይ ይደርሳል። ዴንቨር ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ ዋሻው ግን ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሲሶ ያህሉ ኃይል ጠፍቷል። ተርቦ ያለው ናፍጣ ይህን ብዙ ይቋቋማል፤ ፍሬንና ጎማ ግን ተርቦ የላቸውም።

የመጎተት አቅም የሚፈተንበት የታወቀው ዳገት በአሪዞና የሚገኘው የዴቪስ ግድብ መንገድ ነው። ርዝመቱ 11 ማይል ያህል ነው፤ በበጋ ሐሩር ይፈተንበታል፤ ከባድ ፈተና መሆኑም አይካድም። የዳገቱ ጫፍ ግን ከ4,000 ጫማ በታች ነው። የኮሎራዶ ሾፌር ከቤቱ ደጃፍ ሲነሣ ገና ከዚያ ፈተና ጫፍ በላይ ነው ማለት ነው።

ዳገቱ ኃይል ይጠይቃል፤ ቁልቁለቱ ግን ሕይወት ይጠይቃል። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን ሲወረድ መንገዱ እስከ 7 በመቶ ያዘቀዝቃል። ወደ ዴንቨር ሲመለሱም በፍሎይድ ሂልና በማውንት ቨርነን ሸለቆ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቃል። በዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ በከባድ ማርሽ የወረደ የአገራችን ሾፌር ይህን አይስተውም፤ ፍሬን የሚሞተው በጭነትና በቁልቁለት ርዝመት ነው። በኋላው አክስል ላይ የተጫነ ትርፍ ኩንታል ጎማውን ያግላል፣ ፍሬኑን ያደክማል፣ የመቆሚያ ርቀቱንም ያረዝማል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2019 ከዚሁ ተራራ የወረደ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና በሌክዉድ አካባቢ በአይ-70 ላይ ከቆሙ መኪኖች ጋር ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ። በጊዜው 23 ዓመቱ የነበረው ስደተኛ ሾፌር ፍሬን እንደከዳው ተናገረ። በዲሴምበር 2021 የ110 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በዚያው ወር መጨረሻ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉት። ያ መኪና ፒክአፕ አልነበረም፤ የአደጋውም ምክንያት ከአቅም በላይ መጫን ነው አንልም። ከነገሩ የምንወስደው አንድ ትምህርት ግን አለ። በዚህ መንገድ ላይ ነገር ሲበላሽ ሕጉ ከሁሉ በፊት የሚይዘው መሪ የጨበጠውን እጅ ነው። እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚጫንበት ሰው፣ ቢያንስ የመኪናውን ልክ ሳያውቅ ወደ መንገዱ ሊላክ አይገባም።

ተሳቢው ለእንጀራ ሲሆን

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መዝናኛ ጉዞ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ያለው ማኅበረሰባችን ግን ከመንኮራኩር ጋር ያለው ቁርኝት ከመዝናኛ ያለፈ ነው። ከታክሲና ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ወደ ጭነት ሥራ ለሚሸጋገር ሰው፣ ፒክአፕና የአንገት ተሳቢ ከትልቁ የጭነት መኪና ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ በር ሆኖ ይታያል። በዚህ በር የሚገባ ሰው ሁለት የክብደት ወሰኖችን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው 10,001 ፓውንድ ነው። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ዕቃ በክፍያ የሚያጓጉዝ ሰው፣ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከዚህ ወሰን ከደረሰ በፌዴራል ሕግ የንግድ ተሽከርካሪ ሾፌር ነው። የጤና ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ሰዓት ገደብና የፌዴራል የመለያ ቁጥር ይመለከቱታል። ሁለተኛው 26,001 ፓውንድ ነው። ድምሩ እዚህ ከደረሰና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ፣ ሾፌሩ የክፍል ኤ የንግድ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ሰው የንግድ መንጃ ፈቃድ ስላልተጠየቀ ብቻ ከሕጉ ውጭ የሆነ ይመስለዋል፤ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ፣ በፍተሻ ጊዜ የእንግሊዝኛ መስፈርቱን ያላሟላ የንግድ ተሽከርካሪ ሾፌር ከሥራ እንዲታገድ ተወስኗል። ሾፌር የመንገድ ምልክት ማንበብና ከፖሊስ ጋር መግባባት አለበት በሚለው አንከራከርም። ነገር ግን በተራ ንግግር እንግሊዝኛን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በአክስል አቅምና በጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት መካከል ያለውን ልዩነት ከሻጭ ጋር ሊከራከርበት ይችላል ማለት አይደለም። የቴክኒክ ቃላት ለተወላጁም የባዕድ ቋንቋ ናቸው። መንግሥት ከሾፌሩ የቋንቋ ግዴታ ሲጠይቅ፣ ከሻጩም የግልጽነት ግዴታ መጠየቁ ሚዛናዊ ነው።

የሕጉ ክፍተት የት ላይ ነው?

የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 110፣ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደታቸው 10,000 ፓውንድና ከዚያ በታች የሆኑ መኪኖች የሰውና የዕቃ ድምር ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት በግልጽ የሚናገር ጽሑፍ በር ላይ እንዲለጠፍባቸው ያዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ሦስት ጉድለቶች ግን አሉበት።

አንደኛ፣ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆኑትን፣ ማለትም ለከባድ ፊፍዝ ዊል ይበልጥ የሚፈለጉትን ትልልቅ ፒክአፖች አይመለከትም። በእነርሱ ላይ ጠቅላላው ክብደትና የአክስሎቹ አቅም ይጻፋል፤ ቅነሳው ግን ለባለቤቱ የቤት ሥራ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ በመዝናኛ ተሳቢው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በተሳቢው ውስጥ ስንት ፓውንድ ዕቃ ሊገባ እንደሚችል ይናገራል እንጂ፣ ተሳቢው ሲሞላ በፒክአፑ ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚወርድ አይናገርም። ሁለቱን መኪኖች የሚያገናኘው ቁጥር በሁለቱም ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ መኪናው ላይ አለ እንጂ በሽያጩ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሕግ በአዲስ መኪና መስኮት ላይ ዋጋው በዝርዝር እንዲለጠፍ አዘዘ፤ የመሸከም አቅም ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግዴታ አይደለም። ለአሮጌ መኪና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚያዘው የገዢ መምሪያ ወረቀትም ስለ ዋስትና እንጂ ስለ ጭነት አይናገርም። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ልንጠቀምበት የሚገባ ታላቅ አብነት አለ፤ ሽያጩ በስፓኒሽ ቋንቋ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል። ካሊፎርኒያም ድርድራቸው በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ የተካሄደ በርካታ የንግድ ውሎች በዚያው ቋንቋ ተተርጉመው እንዲሰጡ የሚያዝ ሕግ አላት። የገዢን ቋንቋ ማክበር እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

ማንበብ የገዢው ኃላፊነት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በሩን ከፍቶ ማየት የማንም ግዴታ ነው። ነገር ግን ሕጉ ስለ ዋጋ፣ ስለ ወለድና ስለ ዋስትና ሲሆን ሻጩ እንዲናገር አዝዟል። ገዢው ተጠንቅቆ ቢጠይቅ ያውቀው ነበር በሚል እነዚህን ግዴታዎች አላስቀረም። የቤተሰብን ሕይወት የሚነካው ቁጥር ከወለድ መጠን ያነሰ ክብር የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ሌሎች ደግሞ የአክስሎቹ አቅም ሲደመር ከጠቅላላው የተፈቀደ ክብደት ስለሚበልጥ በር ላይ ያለው ቁጥር ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ነው ይላሉ። የሁለቱ አክስሎች አቅም ድምር ብዙውን ጊዜ እንደሚበልጥ አንክድም። ነገር ግን የፊፍዝ ዊል ሸክም በሁለቱ አክስሎች ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ በአመዛኙ በኋላው ላይ ነው የሚወርደው። በፊተኛው አክስል ላይ ያለ ትርፍ አቅም ለኋላው አክስል አይሰጥም። ከዚህም በላይ፣ ከአደጋ በኋላ በፍርድ ቤት የሚቀርበው ቁጥር ፋብሪካው የጻፈው እንጂ የጋራዥ ወዳጃችን የገመተው አይደለም።

ሻጮችም የወረቀት ብዛት ሊያማርራቸው ይችላል። የምንጠይቀው ግን አዲስ ምርመራ አይደለም። ቁጥሩ ፋብሪካው የለጠፈው ነው፤ ከበሩ ወደ ወረቀቱ መገልበጥ የደቂቃ ሥራ ነው። በአንጻሩ የማይመጥን መኪና የገዛ ቤተሰብ ያንኑ መኪና ለመለወጥ የሚከስረው ገንዘብ የዓመታት ቁጠባ ሊሆን ይችላል።

ምን እንጠይቃለን?

አንደኛ፣ የኮሎራዶ ምክር ቤት ፒክአፕ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የዚያችን መኪና የመሸከም አቅም፣ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደትና የኋላ አክስል አቅም በአንድ ገጽ ጽፎ ከፊርማ በፊት እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ ያውጣ። የመጎተት አቅም በማስታወቂያ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ የመሸከም አቅምም በእኩል መጠን ፊደል ይጻፍ። አፈጻጸሙን የመኪና ነጋዴዎችን ፈቃድ የሚቆጣጠረው የክፍለ ግዛቱ ቦርድ ይከታተል።

ሁለተኛ፣ ይህ ገጽ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ሳይወሰን በአማርኛና በአካባቢው በብዛት በሚነገሩ ሌሎች ቋንቋዎችም ይዘጋጅ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የጤና መረጃ በኮሎራዶ በአማርኛ ታትሞ ወጥቷል። ሕይወት ለማዳን ያኔ የተቻለው ዛሬም ይቻላል። ቅጹ አንድ ጊዜ ይተረጎማል፤ በየሽያጩ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ግልጹን የመሸከም አቅም ጽሑፍ እስከ 14,000 ፓውንድ ላሉ ፒክአፖች ግዴታ ያድርገው። በፊፍዝ ዊል ተሳቢዎች ላይም በሙሉ ጭነት ጊዜ በፒክአፑ ላይ የሚወርደው ክብደት እንዲጻፍ ያዝዝ።

አራተኛ፣ የኮሎራዶ ፖሊስ የሚያስተዳድራቸው የሚዛን ጣቢያዎች በዋናነት ከ26,000 ፓውንድ በላይ ላሉ የንግድ ተሽከርካሪዎች የተዘጋጁ ናቸው። በአይ-70 ላይ እንደ ዱሞንት ባሉ ጣቢያዎች የበጋው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቦች ያለ ክፍያና ያለ ቅጣት ፍርሃት ፈቅደው የሚመዘኑባቸው ቀኖች ይወሰኑ። የመጀመሪያው ሚዛን ትምህርት እንጂ ወጥመድ መሆን የለበትም።

እስከዚያው ድረስ

ሕግ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የዕረፍት ወራት ግን አይጠብቁም። ስለዚህ ሊገዛ ያሰበ ሰው ከዋጋ ድርድር በፊት የሾፌሩን በር ይክፈትና ተለጣፊውን በስልኩ ፎቶ ያንሣ። ከቁጥሩ ላይ የቤተሰቡን፣ የማያያዣውንና የዕቃውን ክብደት ይቀንስ። የቀረውን ለተሳቢው ከተፈቀደው ሙሉ ክብደት 20 በመቶ ጋር ያስተያይ፤ ካነሰ ሌላ ፒክአፕ ወይም ሌላ ተሳቢ ይፈልግ። የኋላ ጎማው በየጎኑ ሁለት ሁለት የሆነ፣ ከፍ ያለ የክብደት ፈቃድ ያለው ፒክአፕ ለከባድ ፊፍዝ ዊል ብዙ ጊዜ የተሻለ መልስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከስሌቱ አያመልጥም።

አስቀድሞ የገዛ ደግሞ በአውሮራ ምሥራቅ በአይ-70 ዳር ባሉ የጭነት መኪና ማረፊያዎች በጥቂት ዶላር ይመዘን። መጀመሪያ ቤተሰቡንና ዕቃውን ጭኖ ከተሳቢው ጋር ይመዘን፤ ቀጥሎ በዚያው ጭነት ተሳቢውን ፈትቶ ፒክአፑን ብቻ ያስመዝን። በፒክአፑ አክስሎች ላይ የታየው ልዩነት ከተሳቢው የሚወርደው እውነተኛ ሸክም ነው። ከዚያ በኋላ ግምት የለም።

ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና እድሮቻችንም የድርሻቸውን መውሰድ ይችላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ በር ከፍቶ ቁጥር የሚያነብ አንድ ልምድ ያለው ሾፌር ይበቃል። እድር ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘን እንዳይደርስ መሥራቱም የተገባ ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። የጭነት ምሥጢር መከፋፈሉ ነው። የማወቅና የማሳወቅ ሸክምም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሁሉም በአንድ አባወራ ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ ፋብሪካው ለጥፎ ዝም ይላል፤ ሻጩ ሽጦ ይሰናበታል፤ መንግሥት ከአደጋው በኋላ ይደርሳል። ፋብሪካው በግልጽ ቢጽፍ፣ ሻጩ አስቀድሞ ቢናገር፣ መንግሥት ሚዛኑን ቢከፍትና ገዢው በሩን ቢያነብ ግን ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው አንዲት ሎሚ ናት።